ስለ ጨረቃ ሙላትና ጉድለት፤ የጥንት ሰዎች ከእርስዋ ምን አነበቡ?

በአማርኛችን «ወር» የምንለው ቃል ከግዕዙ «ወርኅ» የመጣ ነው። «ወርኅ» ደግሞ የሠላሳውን ቀን ዘመን ብቻ ሳይሆን ራስዋን ጨረቃንም ያመለክታል። እንግዲህ ደመወዝተኛው ወሩ እስኪሞላ ሲጠብቅ፣ ተማሪውም የፈተናውን ወር ሲቈጥር፣ ሁለቱም ሳያስቡት የጨረቃን ስም ይጠራሉ ማለት ነው። የት/ቤታችን የምሥረታ በዓል ስለሚታሰብበት ስለዚህ መጽሔት ታሪክ ነክ ጽሑፍ እንድናቀርብ በተጠየቅን ጊዜ፣ ከብዙ አርእስት መካከል ይህን የመረጥንበት ምክንያት አለን። በእኛ ዕድሜ የሚገኝ ተማሪ ስለ ጨረቃና ስለ ሰው ዕድል ወሬ ሲነሣ ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይም «ይህ ሁሉ ጥንቆላ ነው» ብሎ ይሥቃል፣ ወይም ጓደኞቹ ሳያዩት ኮከቡን ሊያስቈጥር ይሄዳል። የሚሥቀውም ተማሪ ሆነ በስውር የሚሄደው፣ አባቶቻችን ጨረቃን እንዴት አድርገው ይቈጥሩ እንደ ነበር ቢጠየቅ አንድ ቃል አይመልስም። ቈጠራውና ጥንቆላው ከአንድ ሥር የበቀሉ ስለ ሆኑ፣ አንዱን ነቅለን ስንጥል ሌላውንም አብረን እንዳንጥል ያሠጋናል።

አስቀድመን ዓይን የሚያየውን እንናገር። ጨረቃ የራስዋ ብርሃን የላትም፤ ከፀሐይ የተቀበለችውን ትመልሳለች። ምድርን በምትዞርበት ጊዜ የበራው ፊትዋ አንዳንዴ በሙሉ፣ አንዳንዴ በከፊል ወደ እኛ ይሆናል፤ ከፀሐይ ጋራ በአንድ ወገን ስትሆን ደግሞ ፈጽሞ አትታይም። ከአንዱ ልደትዋ እስከሚቀጥለው ልደትዋ በአማካይ 29 ቀን ከ12 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ይፈጅባታል። ይህ አሥራ ሁለት ጊዜ ቢደጋገም 354 ቀን ይሆናል፤ ከፀሐይ ዓመትም 11 ቀን ያህል ይጐድላል። ይህችን 11 ቀን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስባታለንና።

ከጨረቃ ያነበቡትን ነገር ጽፈው ካቈዩልን ሰዎች መካከል የባቢሎንና የአሦር ሊቃውንት ቀደምት ናቸው። በዚያ አገር ጨረቃ ሲን በሚባል ስም ትመለክ ነበር፤ ታላላቆቹም መቅደሶች በዑርና በካራን ነበሩ። ኦሪት ዘፍጥረትን ያነበበ ሁሉ እነዚህን ሁለት ስሞች ያውቃል፤ አብርሃም ከአባቱ ጋራ የወጣበትና የተቀመጠበት አገር ነውና። ሊቃውንቱ «ኤኑማ አኑ ኤንሊል» በሚባለው፣ ወደ 70 በሚደርሱ የሸክላ ጽላቶች ላይ በተጻፈው ታላቅ የምልክቶች መጽሐፋቸው ውስጥ፣ የመጀመሪያዎቹን 22 ጽላቶች ለጨረቃ ሰጥተዋል። ስለ ቀንዶችዋ፣ ስለ መልክዋ፣ ስለ ከበባት ቀለበት፣ ስለምትታይበትም ቀን በየተራው ተጽፎ ይገኛል።

ከዚህ ሁሉ እኛን ይበልጥ የገረመን ስለ ቀኑ የተባለው ነው። ሙሉ ጨረቃ በወሩ 14ኛ ቀን ከፀሐይ ጋራ ፊት ለፊት ብትታይ መልካም ምልክት ነበረች፤ ምድሪቱ ትጸናለች፣ የንጉሡም ነገር ይቀናል ይባል ነበር። ከዚያ ቀድማ በ13ኛው ወይም ዘግይታ በ15ኛው ብትታይ ግን ክፉ ነበረች። ነገሩን በጥቂቱ ስናስብበት፣ እነዚያ ሰዎች ከጨረቃ የፈለጉት ሥርዓትን እንደ ሆነ እንረዳለን። በቀጠሮዋ የመጣች ጨረቃ በቀጠሮው የሚሄድ መንግሥት ምሳሌ ነበረች። ቀጠሮዋን ያፈረሰች እንደ ሆነ ግን ግብሩን የከለከለ ሹም ወይም ድንበር የጣሰ ጠላት ይመስሏቸው ነበር። ዛሬ እንደምናውቀው ግን ጨረቃ ቀጠሮ አላፈረሰችም፤ የመንገድዋ ፍጥነት ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ፣ ወሩም አንድ ጊዜ 29 አንድ ጊዜ 30 ቀን ስለሚሆን፣ የሙላትዋ ቀን አንድ ቀን ወዲህ ወይም ወዲያ ማለቱ የተፈጥሮዋ ነው።

የጨረቃ ግርዶሽ በደረሰ ጊዜ ደግሞ ፍርሃቱ ሌላ ነበር። የጨረቃን ፊት በአራት ከፍለው ለአካድ፣ ለኤላም፣ ለአሙሩና ለሱባርቱ ምድር አድለውት ነበር፤ ጥላው ያረፈበት ክፍል የየትኛው አገር ንጉሥ እንደሚሞት ያመለክታል ይሉ ነበር። ጥላው በገዛ አገራቸው ክፍል ላይ ያረፈ እንደ ሆነ፣ ስለ እውነተኛው ንጉሥ የሚሞት ምትክ ንጉሥ ይፈልጉ ነበር። ይህ ተረት እንዳይመስል፣ ከ681 እስከ 669 ከክርስቶስ ልደት በፊት በአሦር የነገሠው አስራዶን (መጽሐፍ ቅዱስም ስሙን ይጠራዋል) ይህን እንዳደረገ በነነዌ ፍርስራሽ ውስጥ የተገኙት የሊቃውንቱ ደብዳቤዎች ይመሰክራሉ። ምትኩ ዘውድ ደፍቶ፣ ንግሥትም ተሰጥቶት በዙፋን ይቀመጣል፤ እውነተኛው ንጉሥ ደግሞ በዚያ ሰሞን በሚጻፍለት ደብዳቤ ላይ «ገበሬው» ተብሎ ይጠራል። የተወሰነው ቀን ሲፈጸም ምትኩ ይሞታል፤ ይቀበራል፤ ይለቀስለታልም። ከእነዚህ ምትኮች አንዱ የአካድ ከተማ የአንድ ትልቅ ሹም ልጅ ነበር፤ እርሱና የተሰጠችው ንግሥት አብረው እንደ ሞቱ ተጽፏል። የምድር ጥላ በጨረቃ ላይ ለጥቂት ሰዓት ስላለፈ ሁለት ሰዎች ተቀበሩ ማለት ነው።

ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ታላቅ ነገር አለ። እጅግ የፈሩት እነዚሁ ሰዎች እጅግ ጠንቅቀው የቈጠሩ ሆኑ። ክፉው ምልክት መቼ እንደሚመጣ አስቀድሞ ለማወቅ ሲሉ፣ ሌሊት ሌሊት በጣራ ላይ እየቆሙ ያዩትን በጽላት ይጽፉ ነበር፤ ይህንንም ሥራ ለብዙ መቶ ዓመታት አላቋረጡም። በመጨረሻም ግርዶሾች በ223 የጨረቃ ወራት፣ ማለት በ18 ዓመት ከ11 ቀን ያህል፣ ተመልሰው በተመሳሳይ ሁኔታ እንደሚደርሱ ደረሱበት። ቀኑ አስቀድሞ የታወቀ ነገር ደግሞ ቀስ በቀስ ማስፈራቱን ያቆማል። የከዋክብት ትምህርት ከፍርሃት ማኅፀን ተወለደ ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

ለመሆኑ ስለ መሙላትና ስለ መጉደል የተሰጠው ትርጉም ከየት መጣ? እኛ እንደሚመስለን አብዛኛው ከመመሳሰል የመጣ ነው። እያደገች የምትሄድ ጨረቃ የሚያድገውን ነገር ሁሉ ትረዳለች፤ እየጐደለች የምትሄደው ደግሞ ሊደርቅና ሊቀንስ ለሚገባው ነገር ትስማማለች ተባለ። የሮማው ካቶ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት ስለ እርሻ በጻፈው መጽሐፍ፣ የቤት እንጨት ጨረቃ በምትጐድልበት ጊዜ እንዲቈረጥ ይመክራል፤ እርጥበቱ ያነሰ ይሆናል ብሎ ነው። ከእርሱ ብዙ ቀድሞ የነበረው የግሪኩ ባለቅኔ ሄሲዮድም የወሩን ቀኖች አንድ በአንድ እየመዘነ ገበሬውን ሲመክር፣ ጨረቃ ስትሞላ ያለው 13ኛው ቀን ዘር ለመዝራት ክፉ፣ ተክል ለመትከል ግን ከሁሉ የበለጠ ነው ይላል። ለምን እንደ ሆነ አይናገርም። በ2ኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ የነበረው በጥሊሞስ ግን ምክንያት የሚወድ ሰው ስለ ነበር ነገሩን በሥርዓት አሰናዳው፤ ከልደትዋ እስከ ግማሽዋ ጨረቃ እርጥበትን፣ ከግማሽዋ እስከ ሙላትዋ ሙቀትን፣ ከሙላትዋ እስከ ሁለተኛው ግማሽዋ ድርቀትን፣ ከዚያ እስክትጠፋ ቅዝቃዜን ታበዛለች አለ። አራቱ የዓመት ክፍሎች በአንድ ወር ውስጥ ተጨምቀው እንደሚገኙ ያህል ነው። ሐኪሞችም ከዚህ ትምህርት ወስደው በሽታ የሚበረታበትንና የሚለቅበትን ቀን በጨረቃ ይቈጥሩ ነበር፤ ይህንንም ታላቁ ጋሌን ራሱ በመጽሐፍ ጽፎበታል። በውበቱ አንክድም፤ የተማረና የተስተካከለ አሳብ ነው። ችግሩ በጥሊሞስ የሠራው ሥርዓት በምድር ላይ ካለው እርጥበትና ሙቀት ጋራ ተመዝኖ ያልታየ መሆኑ ነው።

አሁን ደግሞ ይህ ንባብ አንድን ሙሉ ሠራዊት እንዴት እንዳጠፋ እንናገር። አቴናውያን በ415 ከክርስቶስ ልደት በፊት ብዙ መርከብ ሰድደው በሲሲልያ ደሴት ያለችውን ሰራኩስን ሊይዙ ዘመቱ። (ይህች ከተማ ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ሮማ ሲሄድ ሦስት ቀን ያደረባት ናት።) ሁለት ዓመት ሲዋጉ ቈይተው አልቀናቸውም፤ በሽታም ገባባቸው። ስለዚህ በ413 ከክርስቶስ ልደት በፊት፣ በነሐሴ ወር፣ የጦሩ አለቃ ኒቅያስ ወደ አገሩ ለመመለስ ተስማማ፤ ትእዛዙም በምሥጢር ተላልፎ መርከቦቹ ተሰናዱ። ጠላት ገና አልጠረጠረም። ሊነሡ ባሉበት ሌሊት፣ ዛሬ ሊቃውንት ወደ ኋላ ቈጥረው እ.ኤ.አ. አቈጣጠር ነሐሴ 27 መሆኑን ባረጋገጡት ሌሊት፣ ሙሉዋ ጨረቃ ጠቈረች።

ወታደሮቹ ደነገጡ፤ አለቃቸው እንዲቈይም ለመኑት። ታሪኩን የጻፈው ቱሲዲደስ ኒቅያስ ለጥንቆላ ከመጠን በላይ ያደላ ሰው ነበር ይላል። ጠንቋዮቹ ሦስት ጊዜ ዘጠኝ ቀን፣ ማለት 27 ቀን፣ መጠበቅ ይገባል አሉ፤ እርሱም ከዚያ በፊት ስለ መሄድ መነጋገር እንኳ አልፈልግም አለ። የሰራኩስ ሰዎች ይህን በሰሙ ጊዜ የወደቡን አፍ በመርከቦችና በሰንሰለት ዘጉት። አቴናውያን በባሕር ተዋግተው ተሸነፉ፤ ከዚያም በእግር ሊያመልጡ ወደ መካከለኛው አገር ሸሹ። ሲነሡ አርባ ሺህ ያህል እንደ ነበሩ ተጽፏል። ከተማረኩት 7,000 ያህሉ በድንጋይ መፈልፈያ ጉድጓድ ውስጥ ተጥለው፣ በቀን ፀሐይ በሌሊት ብርድ እየተፈራረቀባቸው፣ በረኃብና በጥማት ብዙዎቹ አለቁ። ኒቅያስም ተገደለ።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ነገር ልብ እንድንል ያደርገናል። አንደኛው፣ የግርዶሽ ምክንያት በዚያን ጊዜ ያልታወቀ አልነበረም። አናክሳጎራስ የተባለው ፈላስፋ ጨረቃ ብርሃንዋን ከፀሐይ እንደምትቀበልና በጥላ እንደምትጋረድ ቀደም ብሎ በዚያችው በአቴና አስተምሮ ነበር። ይሁን እንጂ ፕሉታርክ እንደሚለው ትምህርቱ በጥቂት ሰዎች መካከል በጥንቃቄና በሹክሹክታ የሚነገር ነበር፤ እንዲህ ያሉትን አዋቂዎች ሕዝቡ አማልክትን ይንቃሉ ብሎ ይጠላቸው ነበርና። ሁለተኛው ደግሞ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነው። ፊሎኮሮስ የተባለ ጸሐፊ፣ ራሱ የምልክት ነገር አዋቂ ሆኖ፣ የጨረቃ መጨለም ለሚሸሽ ሰው መልካም ምልክት እንጂ ክፉ አይደለም፤ የሚሸሽ ሰው ጨለማ ያስፈልገዋልና ብሎ እንደ ጻፈ ፕሉታርክ ይነግረናል። እንግዲህ በዚያው በጠንቋዮቹ ሥርዓት እንኳ ቢሆን ኒቅያስ በዚያች ሌሊት ሊሄድ ይችል ነበር። አንዱ ምልክት ሁለት ተቃራኒ ትርጉም ካለው፣ መራጩ ጨረቃ መሆኑ ቀርቶ የሰው ፍርሃት ይሆናል።

ቈጠራውን የሚያውቅ ሰው ደግሞ የማያውቀውን ሊያታልልበት ይችላል። ኮሎምቦስ እ.ኤ.አ. በ1504 በጃማይካ ተቸግሮ ሳለ፣ የካቲት 29 ቀን ግርዶሽ እንደሚሆን ከያዘው የከዋክብት ሠንጠረዥ አይቶ፣ ስንቅ የከለከሉትን የደሴቲቱን ሰዎች «አምላኬ ጨረቃን ይነሣችኋል» ብሎ አስፈራራቸው፤ ጨረቃም በጠቈረች ጊዜ ስንቁን አመጡለት። ይህን ታሪክ እንደ ብልኀት አድርገው የሚያወሩ ብዙዎች ናቸው፤ ለእኛ ግን ብልኀት አይመስለንም።

ወደ አገራችን እንምጣ። የግሪኮችና የባቢሎን የከዋክብት ትምህርት ወደ ዐረብኛ ተተርጕሞ፣ በግብፅ በኩል አልፎ ወደ ግዕዝ መጻሕፍት እንደ ደረሰ ለመረዳት አዋቂ መሆን አያስፈልግም፤ የአሥራ ሁለቱን ኮከቦች ስም መጥራት ይበቃል። ሐመል፣ ሠውር፣ ጀውዛ፣ ሸርጣን፣ አሰድ፣ ሰንቡላ፣ ሚዛን፣ አቅራብ፣ ቀውስ፣ ጀዲ፣ ደለዊ፣ ሑት፤ ሁሉም የዐረብ ስሞች ናቸው። እነዚህ ስሞች ተሰብስበው የሚገኙበት ዓውደ ነገሥት በብዙ ቤት በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። አሠራሩም የሰውየውንና የእናቱን ስም ፊደላት በቍጥር ተምኖ፣ ደምሮ፣ ለ12 ገድፎ፣ በቀረው ኮከቡን መናገር ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር እንጠይቅ። በዚህ ሁሉ ስሌት ውስጥ ሰማይን ቀና ብሎ ያየ ማን አለ? የባቢሎኑ ሰው ቢያንስ በጣራ ላይ ወጥቶ በብርድ ያድር ነበር፤ ይህኛው ግን በጓዳ ተቀምጦ ከስም ፊደል ኮከብ ያወጣል። ጨረቃ ብትሞላም ብትጐድልም ለእርሱ ለውጥ የለውም። ስለዚህ በዓውደ ነገሥት ላይ ያለን ቅሬታ ኮከብ ስለሚያይ አይደለም፤ ኮከብ ስለማያይ ነው።

በዚያው በግዕዝ መጻሕፍት መካከል ግን ስለ ጨረቃ እጅግ የተለየ ንግግር አለ። መጽሐፈ ሄኖክ በሙሉ ተጠብቆ የተገኘው በግዕዝ ብቻ መሆኑ የታወቀ ነው፤ የአራማይክ ቍርጥራጮቹ ከሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ዓመታት ተገኝተው በ1976 ታትመዋል። ከምዕራፍ 72 እስከ 82 ያለው ክፍል ስለ ብርሃናት መንገድ ይናገራል። መልአኩ ዑራኤል ጨረቃ በአሥራ አራት ክፍል ብርሃን እየተቀበለች እንዴት እንደምትሞላ፣ እንዴትም እንደምትጐድል፣ ዓመትዋም 354 ቀን እንደ ሆነ ለሄኖክ ያሳየዋል። በዚያው መጽሐፍ በምዕራፍ 8 ደግሞ ከወደቁት መላእክት አንዱ የጨረቃን መንገድ ለሰዎች እንዳስተማረ፣ ይኸውም ከጥንቆላና ከሥር መቍረጥ ጋራ እንደ ጥፋት ተቈጥሮ እናነባለን። አንድ ጨረቃ፣ አንድ መጽሐፍ፤ አስተማሪዎቹ ግን ሁለት ናቸው። የሄኖክ መጽሐፍ ጸሐፊ እኛ ዛሬ የምንከራከርበትን ነገር ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት አውቆት ነበር።

የዑራኤልን ትምህርት የሚመስለው በአገራችን ባሕረ ሐሳብ ነው። ባሕረ ሐሳብ የሰውን ዕድል አይናገርም፤ የሚናገረው ጾምና በዓል የሚውልበትን ቀን ነው። በትውፊት የእስክንድርያ 12ኛው ሊቀ ጳጳሳት ድሜጥሮስ እንደ ደረሰው ይነገራል። እርሱም ሌሊት 23 ሱባዔ፣ ቀን 7 ሱባዔ ገባ ይባላል፤ 23 በ7 ሲባዛ 161 ይሆናል፣ በ30 ሲገደፍ 11 ይተርፋል፤ 7 በ7 ሲባዛ 49 ይሆናል፣ በ30 ሲገደፍ 19 ይተርፋል። 11ዱ ጥንተ አበቅቴ፣ 19ኙ ጥንተ መጥቅዕ ይባላሉ። አንባቢ እንዲያስታውስልን የለመንነው 11 ይኸው ነው፤ የፀሐይ ዓመት ከጨረቃ ዓመት የሚበልጥበት ትርፍ። ሁለቱ ሲደመሩ ጨረቃ ሙሉ ወር፣ 30 ይሆናሉ።

ስሌቱ እንዳይረሳ በአንድ ዓመት ላይ እናሳየው። በ2017 ዓ.ም. ላይ 5500 ዓመተ ኵነኔ ሲደመር 7517 ይሆናል። ይህ ለ19 ሲካፈል 12 ይተርፋል፤ መደብ ይባላል። አንድ ሲቀነስለት 11 ይቀራል፤ ይህም ወንበር ነው። ወንበሩ በ11 ሲባዛ 121፣ በ30 ሲገደፍ 1፤ የዓመቱ አበቅቴ 1 ነበር። ወንበሩ በ19 ሲባዛ 209፣ በ30 ሲገደፍ 29፤ መጥቅዑ 29 ነበር። መጥቅዕ ከ14 ሲበልጥ በመስከረም ስለሚውል መስከረም 29ን ስናይ ረቡዕ ነው፤ የረቡዕ ተውሳክ 4 ነው፤ 29 እና 4 ተደምሮ 33፣ 30ው ሲገደፍ 3። ስለዚህ ጾመ ነነዌ የካቲት 3 ገባ፤ ፋሲካም ከእርሱ በ69ኛው ቀን ሚያዝያ 12 ዋለ። ከወረቀትና ከእርሳስ በቀር ምንም አላስፈለገንም። እያንዳንዱ የጨረቃ ክብ በ19 ዓመት ይመለሳል፤ ቀኑም ጨረቃውም አብረው የሚመለሱት ግን በ532 ዓመት ነው፤ ይህም ዐቢይ ቀመር ይባላል። ይህን ሁሉ በቃሉ የሚያደርግ ደብተራ በየደብሩ ነበረ፤ ዛሬም አለ። ነገር ግን ያው ሰው አንዳንድ ጊዜ ዓውደ ነገሥትም ስለሚገልጥ፣ በዘመናዊ ት/ቤት የተማረው ልጁ ሁለቱን መለየት ተስኖት «የአባቴ ጥንቆላ» ብሎ ከሁለቱም ይርቃል። ከእኛ ክፍል ባሕረ ሐሳብ የሚያሰላ ስንት እንዳለ ብንቈጥር የአንድ እጅ ጣት ይበዛብናል።

ከክርስቲያኑ ደጋ ወጥተን ወደ ደቡብ ብንሄድ፣ ቦረናዎች ጨረቃን በሌላ መንገድ ሲያነቡ እናገኛለን። ስለ ገዳ ሥርዓት ታላቅ መጽሐፍ የጻፉት ፕሮፌሰር አስመሮም ለገሠ እ.ኤ.አ. በ1973 ይህን በሰፊው ገልጸውታል። የቦረና ዓመት አሥራ ሁለት የጨረቃ ወራት አሉት፤ የቀኖቹ ስም ግን 27 ብቻ ነው። ወሩ 29 ወይም 30 ቀን ስለ ሆነ፣ የቀኖቹ ስም ከወር ወር ሁለት ወይም ሦስት ቀን እየተንሸራተተ ይሄዳል። አያንቱ የሚባሉት አዋቂዎች ያለ መጽሐፍና ያለ መሣሪያ፣ በትዝታና በዓይን ብቻ፣ ዛሬ የትኛው ቀን እንደ ሆነ ያውቃሉ። በዓመቱ ስድስት ወራት አዲስ የተወለደችዋን ጨረቃ ከተወሰኑ ከዋክብት ጋራ ያዛምዳሉ፤ ላሚ ከሚሉት ጀምረው፣ ሰባቱን ከዋክብትና ኦሪዮንን አልፈው እስከ ትልቁ ብሩህ ኮከብ ድረስ። በቀሩት ስድስት ወራት ደግሞ ጨረቃ ከላሚ ጋራ ስትገናኝ ሙሉ መሆንዋንና ምን ያህል መጉደልዋን አይተው ወሩን ይለያሉ። መሙላትና መጉደል ለእነርሱ የወሩ ስም ማወቂያ ነው ማለት ነው። በተጨማሪም እያንዳንዱ ቀን የራሱ አያና፣ የራሱ ጠባይ አለው፤ ለከብት የሚስማማ፣ ለሥርዓት የሚስማማ ቀን ይመረጣል፤ በቀኑ ስለ ተወለደውም ልጅ የሚነገር አለ። እዚህም ቈጠራውና ትርጉሙ በአንድ ሰው ራስ ውስጥ አብረው ይኖራሉ። የቦረናው ሰው ግን ሰማዩን ማየት አላቆመም፤ ካቆመ ቀኑ ይጠፋበታልና።

በእኛ ዘመን ጨረቃ በሰው ላይ ኃይል አላት ወይስ የላትም የሚለው ጥያቄ ሊመዘን ይችላል፤ ተመዝኖም ያውቃል። በአሜሪካ በሰሜን ካሮላይና ከ1997 እስከ 2001 (እ.ኤ.አ.) የተወለዱ 564,039 ሕፃናት ከ62 የጨረቃ ዙሮች ጋራ ተነጻጽረው ታይተዋል። በሙሉ ጨረቃ ብዙ ሕፃናት ይወለዳሉ ተብሎ ሲነገር የኖረው ነገር አልተገኘም፤ ልደቱ በሁሉም ሌሊት እኩል ያህል ነበር። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 17 ስለ ተጠቀሰው በሽተኛ ልጅ የተጻፈው የግሪክ ቃልም ከጨረቃ ስም የወጣ ነው፤ የጥንት ሰዎች የሚጥል በሽታ ከጨረቃ ጋራ ይነሣል ብለው ያምኑ ስለ ነበር ነው። ዛሬ ሐኪም የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው መድኃኒት ይሰጠዋል እንጂ የጨረቃዋን ቀን አይጠይቀውም። ይህን በገጠር የሚኖሩ ወላጆች ቢሰሙት ደስ ባለን፤ በዚህ በሽታ ምክንያት ከትምህርት ቤት የቀሩ ልጆች አሉና።

የሆነ ሆኖ ጨረቃ ምንም አታደርግም ማለትም አይቻልም። የባሕርን ውኃ ትስባለች፤ በልደትዋና በሙላትዋ ጊዜ ማዕበሉ ከሌላው ቀን ይበልጣል፤ ያን ጊዜ የእርስዋና የፀሐይ ስበት በአንድ መስመር ይሆናልና። በአውስትራሊያ ጠረፍ የሚገኙት የባሕር ዛጐል ድንጋዮች፣ ኮራል የሚባሉት፣ በዓመት አንድ ጊዜ ከሙሉ ጨረቃ በኋላ ባሉት ጥቂት ሌሊቶች በአንድነት ዘራቸውን ወደ ውኃ ይለቃሉ። ሄሲዮድ ይህን ቢሰማ ደስ ይለው ነበር ብለን እንገምታለን።

በመጨረሻ ስለ ባሕረ ሐሳብ ጨረቃ ሳንናገር የማንተወው አንድ ነገር አለ። የ19 ዓመቱ ስሌት እጅግ የተጣራ ቢሆንም ጥቂት ስንጥቅ አለበት፤ በየ19 ዓመቱ እውነተኛዋ ጨረቃ ከመጽሐፉ ጨረቃ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ትቀድማለች። ይህ በ300 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ይሆናል። ስሌቱ ከተደነገገ 1,700 ዓመት ያህል ስላለፈው፣ ዛሬ የመጽሐፉ ጨረቃ ከሰማዩዋ አራት ወይም አምስት ቀን ወደ ኋላ ቀርታለች። በ2016 ዓ.ም. በስሌቱ የፋሲካዋ ሙሉ ጨረቃ ሚያዝያ 20 ዋለች፤ ቀኑም እሑድ ስለ ነበር ፋሲካ ወደሚቀጥለው እሑድ፣ ወደ ሚያዝያ 27 አለፈ። ለሚያዝያ 16 አጥቢያ ከቤቱ ደጃፍ ወጥቶ ቀና ያለ ሰው ግን ጨረቃን በሰማይ ሞልታ አይቷታል፤ በመጽሐፉ ገና አራት ሌሊት ይቀራት ነበር።